የተዘፈዘፈ ሥጋ በከሰል እሳት ላይ

ቤት ውስጥ የበሬ ሥጋ በከሰል የሚጠብስ ሰው አስቀድሞ የሚያሰናዳው መዘፍዘፊያውን ነው፤ መዘፍዘፊያ የሚባለውም ሥጋው ከመጠበሱ በፊት ተነክሮ የሚቆይበት የዘይት፣ የጨው፣ የሎሚ፣ የነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ውሁድ ነው። ይህ ውሁድ ጠንካራውን ሥጋ እስከ ውስጡ ያለሰልሳል የሚለው እምነት በብዙ ማድ ቤቶች ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ ከጨው በስተቀር የቅመሞቹ ሥራ ከሥጋው ገጽ እምብዛም አያልፍም።

ጨው በመጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ይስባል፤ ቆይቶ ግን በዚያው ውሃ ሟሙቶ ወደ ውስጥ ይመለስና ፕሮቲኑን አላልቶ፣ እሳት ሲነካው ውሃውን እንዳይለቅ ያግዘዋል። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ሥጋ 10 ግራም ያህል ጨው ከዋዜማው ነስንሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ከየትኛውም የቅመም ብዛት የበለጠ ዋጋ አለው። ሎሚ ጠባዩ ሌላ ነው፤ አሲዱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሚዘልቅ፣ ብዙ ሰዓት የቆየበት ሥጋ ውስጡ እንደ ነበረ ሆኖ ላዩ ይገረጣል፤ ስለዚህም ሎሚው ለጣዕም ያህል በመጨረሻው ሰዓት ቢገባ ይበቃል። ጥሬ ፓፓያና አናናስ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ስላሏቸው ከሎሚ ይበረታሉ፤ ይሁንና እነርሱም ቢሆኑ ገጹን ከማላቆጥ አልፈው ውስጡን አይደርሱበትም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ለገበያ የሚቀርበው በሬ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ሲያርስ የኖረ በመሆኑ፣ ጡንቻን የሚያያይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ከዕድሜው ጋር ጠንክሯል፤ ሥጋውም በታረደበት ዕለት ስለሚሸጥ፣ ገዢው ቤት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ጡንቻው ከእርድ በኋላ ግትር በሚሆንበት ሰዓት ነው። ለጥሬ ሥጋ ትኩስነት ተገቢ ክብር አለው፤ ለጥብስ ግን ትዕግሥት ይሻላል፤ ምክንያቱም የሥጋው የራሱ ኢንዛይሞች ግትርነቱን ቀስ በቀስ ስለሚፈቱት፣ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ሽንጥ ከሎሚ የማይገኝ ልስላሴ ያገኛል።

እሳት ላይ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። የጥብስ ቡናማ ቀለምና መዓዛ የሚመጣው ፕሮቲንና ስኳር በከፍተኛ ሙቀት፣ በተለይም ከ140 ዲግሪ በላይ፣ ሲዋሃዱ ሲሆን፣ ይህ ሂደት እ.ኤ.አ. በ1912 ባብራራው ፈረንሳዊ ኬሚስት በሉዊ ካሚል ማያር ስም ይጠራል። ገጹ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ግን ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ነጥብ አይዘልም፤ ይህም ነጥብ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሥጋው ከመዘፍዘፊያው ወጥቶ፣ የተጣበቀበት ነጭ ሽንኩርት ተጠርጎ፣ በንጹሕ ጨርቅ መድረቅ አለበት፤ ብዙ ጠባሾች የሚሳሱለትን ቅመም እንዲህ መጥረግ ብክነት ቢመስልም፣ ያልተጠረገው ሽንኩርት አርሮ ሥጋውን ያመርረዋል። አዋዜም በርበሬው ቶሎ ስለሚያርር የሚቀባው ሥጋው ሊወርድ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ ነጭ አመድ ሲለብስ ወደ አንድ ጎን ይከመራል፤ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል የሚወፍረው ሥጋ በፍሙ ላይ ሁለቱም ፊቱ ከጠቆረ በኋላ ፍም ወደሌለበት ጎን ተዛውሮ ውስጡ ይበስላል። ከሰል ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ምድጃው ምንጊዜም ደጅ መሆን አለበት። የመርፌ ቴርሞሜትር ያለው ሰው የሥጋው መሐል 63 ዲግሪ ሲደርስ ያወርደዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ሲያርፍ የኮሶ ትል እጭም ቢኖርበት ይሞታል፤ ውስጡ የቀረው ፈሳሽም በሚቆረጥበት ጊዜ እንደ ትኩሱ አይፈስም። ቢላዋው የሚሄደው የጡንቻውን ክሮች በሚያቋርጥ አቅጣጫ ሲሆን፣ ክሮቹ ባጠሩ መጠን ጥርስ የሚቀረው ሥራ ስለሚያንስ፣ ጠንካራ ሥጋ ከሆነ ቁራጩ ይበልጥ ይሳሳል።