ስለ ነቢዩ ዕንባቆም ጸሎት፤ ፍጻሜውን ብቻ ነጥሎ ስለ ማንበብ የቀረበ ሐተታ

ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ የነቢዩ ዕንባቆምን ጸሎት ያውቃል፤ ከነቢያት ጸሎት ጋራ ከመዝሙሩ ቀጥሎ ተጽፎ ይገኛልና። ተማሪውም ገና በንባብ ቤት ሳለ በቃሉ ይዞት ያድጋል። ነገር ግን ይህ ጸሎት የአንድ መጽሐፍ ሦስተኛ ምዕራፍ መሆኑን፥ ከእርሱም አስቀድሞ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ አቤቱታና ሙግት መኖሩን የሚያስብ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ በጭንቅ ዘመን ሕዝቡን ለማጽናናት የሚነሡ አንዳንድ መምህራን፥ በለስ ባታፈራ ወይንም ቢደርቅ ነቢዩ በአምላኩ ደስ መሰኘቱን የተናገረበትን ፍጻሜ ብቻ ነጥለው ያነባሉ፤ አንብበውም የሚፈራውንና የሚጠይቀውን ሰው እምነት እንደ ጐደለው አድርገው ይገሥጹታል። ይህ አነባበብ ነቢዩን ከገዛ ቃሉ የሚለይ ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል።

የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1939 ዓ.ም. በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኘው ጥንታዊ የዕንባቆም ትርጓሜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ብቻ ተርጉሞ ሦስተኛውን አላነሣውም። እነዚያ ሙግቱን ያዙ፥ እኛ ደግሞ መዝሙሩን ያዝን።

እስኪ መጽሐፉን ከራሱ እንጀምረው። ነቢዩ አፉን የከፈተው በምስጋና አይደለም፤ ምን ያህል ዘመን ጮኾ ሳይሰማ እንደሚኖር እግዚአብሔርን በመጠየቅ ነው። ያስጮኸውም ነገር በመጀመሪያ የውጭ ጠላት አልነበረም። በገዛ አገሩ በይሁዳ ሕግ ላልቶ፥ ፍርድ ጠምሞ፥ ግፈኛው ጻድቁን ከብቦት ስላየ ነው። ብዙ ሊቃውንት ይህን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ609 እስከ 598 በነገሠው በኢዮአቄም ዘመን ያደርጉታል፤ ኤርምያስም በምዕራፍ 22 ይኸንኑ ንጉሥ ቤቱን በግፍ ማሠራቱንና የሠራተኛውን ደመወዝ መከልከሉን ጠቅሶ ወቅሶታል። ዳኝነት የተሰጠው ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ጭንቀቱ ከወዴት እንደ ጀመረ ያስተውል።

የተሰጠው መልስስ ምን ነበር? የሚያሳርፍ ቃል አልነበረም። እግዚአብሔር ጨካኞችንና ፈጣኖችን ከለዳውያንን እንደሚያስነሣ ነገረው፤ ለትንሹ ሕመም ትልቁን ሕመም መድኃኒት አድርጎ የሰጠው ይመስላል። እንደ ተባለውም ሆነ፤ በ605 ዓመት ቅድመ ልደት ክርስቶስ ናቡከደነፆር በከርከሚሽ የግብፅን ሠራዊት መታ፥ ሃያ ዓመትም እንኳ ሳይሞላ ኢየሩሳሌም ፈረሰች፥ መቅደሱም ተቃጠለ። ስለዚህ የነቢዩ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ የፈራው ደርሷል። እንግዲህ በጭንቅ ላይ ላለው ሰው ምንም አይደርስብህም ብሎ የሚሰብክ ሰው ይህን ስፍራ አላነበበውም። እግዚአብሔር ለነቢዩ ያላለውን እኛ በስሙ ለሕዝቡ እንል ዘንድ ሥልጣን ከወዴት አገኘን?

ዕንባቆምም ይህን መልስ ሰምቶ አልሄደም። ሁለተኛ ጠየቀ፤ ክፋትን ማየት የማይወድ ንጹሕ አምላክ፥ ኃጢአተኛው ከእርሱ የሚሻለውን ሲውጥ እንዴት ይታገሣል አለ። ጠይቆም ከመጠበቂያው ማማ ላይ ወጥቶ ቆመ። ነቢዩና የሚያጉረመርም ሰው የሚለያዩት በጥያቄው ክብደት አይደለም። እስራኤል በምድረ በዳ በየድንኳናቸው ሆነው አጉረመረሙ፤ እርሱ ግን አቤቱታውን ለባለቤቱ አቀረበ፥ አቅርቦም መልስ ሳይሰማ ከደጁ አልተነሣም። ደጅ መጥናት ምን እንደ ሆነ ያገራችን ሰው ያውቃል። ጉዳዩ ይፈጸምልኛል ብሎ ተስፋ የማያደርግ ሰው ደጅ አይጠናም።

ደጅ ለጠናው ሰው ራእዩን በሰሌዳ እንዲጽፍ፥ ቢዘገይም እንዲጠብቀው ተነገረው፤ በሰው መያዣ ለሚበለጽግና ከተማን በደም ለሚሠራ አምስት ወዮታ ተከተለለት። ጻድቅ በእምነት ስለ መኖሩ የተነገረው ቃልም ከዚህ ስፍራ ነው፤ ይህም በሮሜ 1፥ በገላትያ 3፥ በዕብራውያንም 10 የተጠቀሰው ነው። ቃሉ በዕብራይስጥ ኤሙና ይባላል፤ ሥሩም እኛ አመነ፥ ታመነ፥ አሜን ከምንለው ጋራ አንድ ነው። ይኸው ቃል በዘፀአት 17፥12 ስለ ሙሴ እጆች ተነግሯል፤ ከአማሌቅ ጋራ ውጊያ በሆነ ጊዜ እጆቹ ፀሐይ እስኪገባ የጸኑበት ጽናት ኤሙና ተብሏል። እንግዲህ እምነት፥ አንድም የልብ መቀበል ነው፤ አንድም የደከመ እጅ ሳይወርድ መቆየቱ ነው። የሙሴም እጅ የቆየው አሮንና ሖር ከግራና ከቀኝ ደግፈውት ነው። የፈራውን ሰው ብቻውን አቁሞ እመን እያሉ መገሠጽ፥ የአሮንንና የሖርን ሥራ ትቶ ሙሴን መውቀስ ነው።

ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ስንመጣ መምህራን ብዙ የሚደክሙበት ስፍራ በሁለት እንስሳ መካከል ስለ መታወቁ የሚናገረው ነው። ይህ ንባብ የግሪኩ ነው፤ ዕብራይስጡ ስለ ዓመታት መካከል ይናገራል። ለቤተ ልሔም ግርግም መተርጐሙ መልካም ነው፥ አልነቅፈውም። ነገር ግን በዚያ ብዙ ከቆየን በኋላ 16ኛውን ቁጥር በሩጫ እናልፈዋለን። በዚያ ቁጥር ነቢዩ ሆዱ እንደ ታወከበት፥ ከንፈሩ እንደ ተንቀጠቀጠ፥ ጉልበቱ እንደ ከዳው ይናገራል። የበለሱ ቃል የሚመጣው ወዲያው ከዚህ በኋላ ነው። የተንቀጠቀጠው ከንፈርና የዘመረው ከንፈር አንድ ነው፤ በሁለቱም መካከል ፍርሃቱ ተወገደለት የሚል ቃል አልተጻፈም።

ነቢዩ የቈጠረውም ቍጥር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በለስ፥ ወይን፥ ወይራ፥ እርሻ፥ በግ፥ በመጨረሻም በበረት የታጣ ላም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ ባመጣ ጊዜ፥ ዳዊቱን የሚደግም ካህን ይህን ቁጥር ያነበበው ባዶውን በረት እያየ ነው። ዐፄ ምኒልክም የሚያርስ በሬ ቢጠፋ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ታሪክ ይናገራል። ያን ጊዜ ለተራበው ሰው 17ኛውን ቁጥር አንብቦ እህሉን በጐተራ ዘግቶ መሄድ ምን ዓይነት ስብከት ይሆን ነበር? ከዳንኤል መጽሐፍ ጋራ በሚቈጠረው በቤልና በዘንዶው ታሪክ ዕንባቆምን የምናገኘው ለአጫጆች ምሳ ይዞ ወደ እርሻ ሲሄድ ነው፤ መልአኩም ምግቡን እንደ ያዘ በራስ ጠጕሩ አንሥቶ ወደ ባቢሎን ወሰደው፥ በአንበሶች ጕድጓድ ለነበረው ለዳንኤልም አበላው። ዳንኤልም እግዚአብሔር እንዳልረሳው ያወቀው ምሳውን ባየ ጊዜ ነው።

ሦስቱ ምዕራፎች በጠቅላላው 56 ቁጥር ናቸው፤ ለኀዘንተኛ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ረጅም አይደሉም። የሚያነብ ካህን ከአቤቱታው ይጀምር፤ ከማማው ሲደርስም ጥቂት ዝም ይበል፥ ከዚያ በኋላ ወደ በለሱ ይለፍ።