ማን ለማን ይቃኝ?

በዚህ እትም ስለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጥቂት እንበል። ግብጻዊው ሙዚቀኛ ሐሊም ኤልዳብ በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሲያቋቁመው፣ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ይሰሙ የነበሩትን ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ ክራር፣ መሰንቆና በገና በአንድ መድረክ አገናኛቸው። በኢትዮፒክስ ቁጥር 23 የወጣውን ሲዲ ሰምተን ወደነዋል።

አንድ ቅሬታ ግን አለን፦ ዋሽንት ብቻውን ሲሆን እንደ እረኛው ስሜት ይረዝማል፣ ያርፋል። እዚህ ሁሉም እኩል መሄድ ስላለበት ቶሎ ይቆረጥብናል።

ቢሆንም ትምህርት አለው። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ ቅኝቱ አይለወጥም፤ ክሩን አጥብቆ፣ አላልቶ ወደሱ የሚመጣው ክራሩ ነው። እኛም እዚህ ሐርጌሳ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪዎች አንድ ክፍል ተቀምጠናል። ታዲያ ማን ለማን ይቃኝ? መቃኘት የሚችለው ይቅደም እንላለን፤ መምህሩም ቢሆን!