የእንግዴ ልጅና ስብ፦ ከመተላለፊያነት ያለፈ ድርሻ

የእርግዝና ሕክምና ለረጅም ጊዜ ትኩረቱን ያደረገው በእናት ደም ላይ ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ማብራሪያ ዛሬም መነሻ ሆኖ ያገለግላል፦ በእናት ደም የበዛው ስኳር ወደ ፅንሱ ይሻገራል፣ የፅንሱ ቆሽት ኢንሱሊን ያበዛል፣ ልጁም ከመጠን በላይ ይወፍራል። ማብራሪያው ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ነገር ግን የእንግዴ ልጅን እንደ በር ብቻ እንድናየው አስለምዶናል። ወደ ስብ ስንመጣ ይህ እይታ አያዋጣም። የእንግዴ ልጅ ስብን ይፈታል፣ ያከማቻል፣ ያቃጥላል፣ ይመርጣል። በእርግዝና ወቅት የሚከሰቱ አንዳንድ ከባድ ችግሮችም ይህን ሥራውን ወደ ጎን ትተን ልንረዳቸው የምንችላቸው አይደሉም።

በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት በእናት ደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ የተባለ የስብ ዓይነት ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ሆኖም እንዳለ ወደ ፅንሱ አይሻገርም። በእንግዴ ልጅ ገጽ ላይ የሚገኙ ላይፔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች በመጀመሪያ ወደ ፋቲ አሲድ ይፈቱታል። ከገባው ውስጥ ከፊሉ በጠብታ መልክ ይቀመጣል፣ ከፊሉ በሚቶኮንድሪያ ይቃጠላል፣ ቀሪው ወደ ፅንሱ ደም ያልፋል። ለአንጎልና ለዓይን እድገት የሚያስፈልገው ዲኤችኤ የተባለው ኦሜጋ 3 ደግሞ የራሱ ተሸካሚ ፕሮቲኖች አሉት። የእርግዝና ስኳር በሽታ ባለባቸው እናቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከእነዚህ ተሸካሚዎች አንዱ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ቀንሶ፣ በእትብት ደምም ዲኤችኤ አንሶ ተገኝቷል። ልጁ በስብ ደልቦ እየተወለደ ይህ አንዱ ስብ ይጎድለዋል ማለት ነው። ዝም ብሎ የሚያሳልፍ በር እንዲህ ያለ ልዩነት ሊፈጥር አይችልም።

ስኳሩን መቆጣጠር ይበቃል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ለዚህ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሕክምናው ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚወለዱትን ሕፃናት ከ21 ወደ 10 በመቶ አውርዷል። ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ግን ሁሉን አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጀርመን ጥናት ስኳራቸው በደንብ በተያዘላቸው እናቶች ዘንድ እንኳ የደም ስብ መጠን ከፅንሱ እድገትና ከሕፃኑ ውፍረት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የምክንያትና የውጤት ጥያቄ ነው። የእንግዴ ልጅ የሚመረመረው አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ስለሆነ፣ የታየው ለውጥ በሽታውን ያመጣ ይሁን ወይም በሽታው ያመጣው መለየት ያስቸግራል። ለዚህ ጠንካራውን መልስ የሚሰጠው ኤልቻድ የተባለው ኢንዛይም በዘር የሚጎድልበት በሽታ ነው። ኢንዛይሙ ረጃጅም ፋቲ አሲዶችን ለማቃጠል ያገለግላል። ጀማል ኢብዳህና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ የታወቀውን የጂን ለውጥ የያዘ ፅንስ ካረገዙት እናቶች 79 በመቶ የሚሆኑት በእርግዝናው ጊዜ በከባድ የጉበት ሕመም ተይዘው ነበር። እነዚህ እናቶች የተለወጠው ጂን አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ናቸው። የእንግዴ ልጅ በአብዛኛው ከፅንሱ ወገን የሚሠራ በመሆኑ የፅንሱን ጉድለት ይጋራል፤ ሳይቃጠል የቀረው የስብ ውጤትም ወደ እናት ደም ገብቶ ጉበቷን እንደሚጎዳ ይታሰባል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ አያከራክርም፤ የጂን ለውጡ ከፅንሰት ጀምሮ ያለ ነው፣ የእናት ሕመም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሽታው ብርቅ ስለሆነ ለሌላው እርግዝና ማስረጃ አይሆንም ቢባል፣ በከፊል እውነት ነው፤ ለምሳሌ ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለውን በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም ሁሉ በስብ ማቃጠል ጉድለት ማብራራት አይቻልም። ሆኖም ብርቁ በሽታ አንድ ነገር አረጋግጧል፦ ጉዳት ከእናት ወደ ፅንስ ብቻ ሳይሆን ከፅንሱ ወገን ወደ እናትም ይሄዳል። ይህም በወሊድ ክፍል የሚሠራ ውጤት አለው። እናት በእርግዝና በሚመጣ የጉበት ስብ ክምችት ከታመመች፣ እሷ ድና ወደ ቤቷ መሄዷ ጉዳዩን አይዘጋውም። ልጁ ለኤልቻድ ጉድለት ይመርመር። ችግሩ ሳይታወቅ ለረጅም ሰዓት ሳይመገብ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን ቶሎ ቶሎ በመመገብና የስቡን ዓይነት በመለወጥ አደጋውን በእጅጉ መቀነስ ይቻላል።