የመንገድ ባልንጀራና የፍቅር ሒሳብ፦ በምናባዊ የሚና ጨዋታዎች ውስጥ ስላለው የሥነ ምግባር ምርጫ

የሥነ ጽሑፍ መምህር የኮምፒዩተር ጨዋታን የሂስ ርእሰ ጉዳይ አድርጎ ሲያቀርብ «ይህ ደግሞ እዚህ ምን ቤት ነው?» መባሉ እንደማይቀር አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምመለከታቸው ጨዋታዎች ታሪክ አላቸው፤ ገጸባህርያት፣ መቼት፣ ግጭትና ጡዘት አላቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምልልስ አላቸው። የምልልሳቸው ብዛት ከብዙ ረጃጅም ልቦለዶች ይበልጣል። ሃያሲ ፊቱን ቢያዞርባቸውም ወጣቱ ተደራሲ የፍቅርንና የታማኝነትን ትርጉም ከእነሱ መማሩን አይተውም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። የሚና ጨዋታ የሚባለው፣ ተጫዋቹ አንድን ዋና ገጸባህርይ ሆኖ በምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚጓዝበት ዓይነት ነው። ብቻውን አይጓዝም፤ በየመንገዱ ባልንጀሮች ይከተሉታል። እነዚህ ባልንጀሮች የራሳቸው ያለፈ ሕይወት፣ እምነትና ቂም አላቸው። ተጫዋቹ ምርኮኛ ሲምር ወይም ሲገድል፣ ቃሉን ሲጠብቅ ወይም ሲያጥፍ ያያሉ፤ ይፈርዳሉም። ከእነሱ አንዱ ወይም አንዷ ፍቅረኛው ልትሆን ትችላለች። ባዮዌር የተባለው የካናዳ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሁለተኛው «ባልደርስ ጌት» የዚህን ዓይነት ፍቅር መልክ አስያዘው፤ በ2009 በወጣው «ድራገን ኤጅ» አሰፋው። ላሪያን የተባለው የቤልጅየም ድርጅት በ2023 ያወጣው ሦስተኛው «ባልደርስ ጌት» ደግሞ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው።

በቦንጋ የጨዋታ ቤቶች ወጣቱ በሰዓት እየከፈለ በብዛት የሚጫወተው እግር ኳስ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2023ቱ ጨዋታ 150 ጊጋባይት የሚጠጋ ቦታ ስለሚጠይቅ በተራ ላፕቶፕ የሚሞከር አይደለም። ይሁንና ከተማሪዎቼ ጥቂቶቹ፣ ሌሎች ሲጫወቱ የተቀረጸውን በስልካቸው እየተከታተሉ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ያውቁታል። ነገሩ የሚያስገርም አይደለም፤ የአዝማሪን ግጥም ለማጣጣም ማሲንቆ መግዛት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። በአብዛኞቹ ጨዋታዎች የባልንጀራ ፍቅር የሚለካው በነጥብ ነው። በ«ድራገን ኤጅ» እያንዳንዱ ባልንጀራ ለተጫዋቹ ያለው ስሜት ከመቶ አሉታዊ እስከ መቶ አዎንታዊ በሚዘልቅ መስመር ላይ ይቀመጣል። የሚወደውን ቃል ብትናገር ይጨምራል፤ የማይወደውን ብትሠራ ይቀንሳል። ስጦታም ያስጨምራል። ተጫዋቹ ሴትዮዋን በንግግር ቢያስቀይማት ጌጣጌጥ ደርድሮ ጉድለቱን መሙላት ይችላል ማለት ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ ጥሎሽ ነው ሳይሉ አይቀሩም። ልዩነቱ ጥሎሽ ቤተሰብ ለቤተሰብ የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን የልብን ዋጋ ለራሱ ለልቡ የመክፈል ያህል ነው።

የነጥቡ አሠራር ሥነ ምግባርንም ይነካል። ተጫዋቹ «ምን ማድረግ ይገባኛል?» ብሎ መጠየቁን ያቆምና «እሷ ምን ትወዳለች?» ማለት ይጀምራል። ለመነኩሴዋ መጽዋች፣ ለቀማኛው ጨካኝ ይሆናል። በ2007 የወጣው «ማስ ኢፌክት» በበኩሉ ደግነትንና ጭካኔን በሁለት መለኪያ ለያይቶ፣ አንዱን ላከማቸ ብቻ የሚከፈቱ ንግግሮች ስላዘጋጀ ተጫዋቹ ሁልጊዜ ደግ ወይም ሁልጊዜ ጨካኝ መሆኑ ያዋጣዋል። እንዲህ ያለ ገጸባህርይ በልቦለድ ብናገኝ አስተኔ ነው ብለን የምናልፈው ነው።

ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር ጉድለቱ ይጎላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ በወላጆቹ ስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ነው። ሰብለወንጌልን ሲወድ ስለቱ አብሮት አለ። በየትኛውም ወገን ቢቆም ሌላው ወገን ይጎድላል፤ ጉድለቱንም በስጦታ መሙላት አይቻልም። ሰብለወንጌልም የአባቷን ቤት ትታ ስትወጣ የምትተወው ነገር ምን እንደሆነ አንባቢው ያውቃል። ሁለቱ የሚዋደዱት በየነገሩ ስለተስማሙ አይደለም። ፍቅራቸው የሚያሳምነን እያንዳንዱ እርምጃ ከሚያስከፍላቸው ዋጋ የተነሳ ነው።

ይህን ስል ጨዋታዎቹ ሁሉ በሒሳብ የታሰሩ ናቸው ማለቴ አይደለም። «ድራገን ኤጅ» ራሱ መለኪያውን የሚሰብርበት አንድ ታላቅ ትዕይንት አለው። ሎጌይን የተባለው የጦር አዛዥ ንጉሡን በጦር ሜዳ ከድቶ ይሸሻል፤ በዚያ ክህደት አሊስተር የተባለው ባልንጀራ እንደ አባት ያየው የነበረው ሰው ይሞታል። ኋላ ላይ ሎጌይን ተሸንፎ በተጫዋቹ እጅ ሲወድቅ አንድ ሐሳብ ይቀርባል፤ ጠላት በደጅ ነው፣ ተዋጊ ጥቂት ነው፣ ይህ ሰው ደግሞ ጦር አዋቂ ነውና ይማርና ከእኛ ጋር ይሰለፍ የሚል። ሐሳቡ ሚዛን የሚደፋ ነው። ተጫዋቹ ከተቀበለው ግን አሊስተር ጥሎት ይሄዳል። የወዳጅነቱ ነጥብ መቶ ቢሞላም፣ ፍቅረኛውም ቢሆን ይሄዳል። የሙት ደም ከነጥብ በላይ ሆኖ የቆመበት ቦታ ይህ ነው፤ አሊስተርም ያን ጊዜ ከቀልደኛ አጃቢነት ወጥቶ ሰው ይሆናል። እኔ እንደማምነው በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ባልንጀራው ገጸባህርይ የሚሆነው እምቢ ለማለት ሲችል ብቻ ነው።

እርግጥ ተጫዋቹ ቀደም ብሎ ያስቀመጠውን ጨዋታ እንደገና ከፍቶ ምርጫውን መለወጥ ይችላል። ብዙዎች ይህን እንደ ትልቅ እንከን ያነሱታል፤ እኔ ያን ያህል አልጨነቅበትም። ልቦለድ አንባቢም ወደ ኋላ ገልጦ በዛብህን በሕይወት ሊያገኘው ይችላል።

ከዚህ በላይ ሊተኮርበት የሚገባው አስታሪዮን ነው። በሦስተኛው «ባልደርስ ጌት» ከሚገኙት ባልንጀሮች አንዱ የሆነው ይህ ገጸባህርይ፣ ደም መጣጭ በሆነ ጌታ እጅ ሁለት መቶ ዓመት በባርነት የኖረ ነው። ሥራው መልኩን ማጥመጃ አድርጎ ሰዎችን ወደ ጌታው ቤት መሳብ ነበር። ነጻ በወጣ ማግስት ተጫዋቹን ያገኘዋል፤ ያማልለዋልም። ተጫዋቹ «ነጥብ አከማችቼ አሸነፍኩት» ብሎ ሲደሰት፣ በታሪኩ አጋማሽ ላይ አስታሪዮን እውነቱን ያወጣል፤ ፍቅሩ ሲጀመር ስሌት ነበር፣ ከለላ ለማግኘት ሲል የለመደውን ማባበል ነው የተጠቀመው። እዚህ ላይ ደራሲዎቹ ትልቅ ነገር ሠርተዋል። ተጫዋቹ በባልንጀሮቹ ላይ ሲያደርግ የቆየውን፣ ማለትም የሚወዱትን ቃል እየመረጡ መናገርን፣ አንዱ ባልንጀራ በእሱ ላይ ሲያደርግበት ቆይቷል። መስተዋቱ ዞሯል። ማስመሰሉ በተነገረበት ቅጽበትም እውነተኛው ፍቅር ሊጀመር ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አስታሪዮን የማያስደስት ነገር ለመናገር ደፍሯልና።

ምርጫው የሚከብደው ግን ወደ መጨረሻው ነው። አስታሪዮን የቀድሞ ጌታውን ሥርዓት ራሱ ፈጽሞ ኃያል መሆን ይችላል፤ ዋጋው የሰባት ሺህ ነፍስ መሥዋዕትነት ነው፤ ከእነዚያም ውስጥ እሱ ራሱ ያጠመዳቸው ይገኛሉ። ተጫዋቹ ሊረዳው ወይም ሊያስቆመው ይችላል። ልብ በሉ፦ የተለመደው የነጥብ አስተሳሰብ «የወደድከው ሰው የሚፈልገውን አድርግለት» ይላል። የሚፈልገው ደግሞ ይህንን ነው። ተጫዋቹ ከረዳው ፍቅሩ አይቋረጥም፤ ይበላሻል እንጂ። አዲሱ አስታሪዮን ፍቅረኛውን እንደ እሱ ደም መጣጭ፣ ለእሱ ግን ተገዥ ሊያደርጋት ይጠይቃል፤ እምቢ ካለችው ፍቅሩ ያበቃል። የቀድሞው ባሪያ ጌታ ሆነ፤ የምትወደው ደግሞ በቀድሞ ቦታው ገባች።

ይህን ትዕይንት ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ በዝርዝር ተርኬላቸው፣ ምልልሱን በአማርኛ በራሳቸው ቃል እንዲጽፉት ሰጥቻቸው ነበር። ጨዋታው በብዙ ቋንቋዎች ቢተረጎምም አማርኛ ከመካከላቸው የለም። ችግሩ ወዲያው ብቅ አለ። የእንግሊዝኛው አነጋገር አንድ ተውላጠ ስም ብቻ ስላለው ለባለሥልጣንም፣ ለእንግዳም፣ ለፍቅረኛም ያው ነው፤ በአማርኛ ግን ግሱ ራሱ ሳይወስን አያልፍም። ባልንጀሮቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ እርስዎ ይባባላሉ ወይስ አንተ? የመስፍን ልጅ የሆነው ዋይል እንዴት ይጠራል? ሰውን ሁሉ የምትንቀው ጦረኛዋ ሌይዜል ለማንም እርስዎ እንደማትል ሁሉም ተስማሙ። ከእርስዎ ወደ አንተና ወደ አንቺ የሚሻገሩበትን ቀን መወሰን ግን የፍቅሩን ቀን መወሰን ሆነ። ፈረንጆቹ በመለኪያ ያስቀመጡትን መቀራረብ ቋንቋችን በግስ ቅጥያ ይሠራዋል።

ከሥርዓቱ በኋላ ያለውን ትዕይንት በተመለከተ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አብዛኞቹ ሁለቱም እንደ በፊቱ አንተና አንቺ እየተባባሉ እንዲቀጥሉ አደረጉ። አንዲት ተማሪ ግን አስታሪዮን «አንቺ» ማለቱን ሳይለውጥ፣ ፍቅረኛው «እርስዎ» ብላ እንድትመልስለት አደረገች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። «አንቺ» ለሚስትም ለገረድም የሚባል ቃል ነውና የእሱ አነጋገር በላዩ ሲታይ ምንም አልተለወጠም፤ ሁሉን የገለጠው መልሱ ነው። «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሽ» ይባባሉ የነበሩት ሰዎች በአንድ ቅጥያ ጌታና አገልጋይ ሆኑ። አንዳንዶቹ «ታዲያ ራሷ መርጣ የለም?» ብለው ተከራከሩ፤ ሌሎች «የመረጠችው እሱን ነው እንጂ ጌትነቱን አይደለም» አሉ። ክፍለ ጊዜው በዚሁ አለቀ። የጨዋታውን ጽሑፍ ከጻፉት ሰዎች ጋር እኩል የቆመ የፈጠራ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍቅርን የድል ሽልማት ማድረግ የፈረንጅ ጨዋታዎች ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ መጨመር ይገባል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ጉዞ፣ ምርኮ፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድና በመጨረሻ እምነቱን ለውጦ የሚያገባት ንጉሥ አለበት። ጦቢያ የታሪኩ ማሳረጊያ ሽልማት ናት ማለት ይቻላል፤ እምነት መለወጡም ከፍቅሩ ዋጋ ጋር ተያይዟል።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተለውን ያገኘሁት ከአፍሪካ ነው። ኪሮኦ ጌምስ የተባለው የካሜሩን ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኦሪዮን» ኤንዞ የተባለው ልዑል በሠርጉና በንግሥናው ዕለት በሚስቱ ወንድም መፈንቅል ከአገሩ ይሰደዳል፤ ሚስቱ ኤሪን አብራው ትጓዛለች፤ አብራው ትዋጋለች። እዚህ ተጫዋቹ የሴቲቱን ልብ በነጥብ ማሸነፍ አይጠበቅበትም፤ ታሪኩ ሲጀምር ተጋብተዋል። የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባሏን ከዙፋን የጣለው ወንድሟ ነው፤ ወደ አገር መመለስ ማለት ወንድሟን መግጠም ማለት ነው። በአሠራር ረገድ «ኦሪዮን» ከአውሮፓዎቹ ጋር አይወዳደርም፤ ውጊያው ይበዛል፣ ምልልሱም አንዳንዴ ወደ ስብከት ያደላል። ነገር ግን ባልንጀርነትን ከማማለል አውጥቶ በዝምድናና በታማኝነት መካከል ማስቀመጡ ከእኛ ትረካ ጋር ያቀራርበዋል።

የተሰደደ ንጉሥ ታሪክ ቦንጋ ላይ ሲነገር እንደ ሩቅ ተረት አይሰማም። የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር አገራቸውን ሲይዝ ለወራት በየጫካው ተሸሽገው ከቆዩ በኋላ ተማርከው ቀሪ ዕድሜያቸውን በግዞት አሳልፈዋል። ዛሬ በደን ጥበቃና በቡና የሚታወቀው ይህ ጫካ ያን ጊዜ መደበቂያ ነበር። አንድ ተማሪ «ይህን ጨዋታ ብናደርገውስ?» ሲለኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ተጫዋቹ ማን ይሆናል የሚለውን ነበር። «ንጉሡን» አለኝ። እኔ ግን ንጉሡ የተሸሸጉበትን የሚያውቅ አንድ ባልንጀራ ቢሆን እመርጣለሁ፤ መንደሩ ተከቦ፣ ቤተሰቡ በጠላት እጅ ሆኖ፣ ቦታውን ተናገር የሚባል ሰው። ከእሱ ጋር የምትጓዝ ሚስት ትኑረው፤ እሷም ከተያዙት ልጆች እናት ትሁን። የእሷን «ይሁን» ወይም «አይሆንም» በስንት ነጥብ እንደሚመዘግቡት ተማሪውን ጠየቅሁት፤ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት አስቦ እንዲመጣ ሰጥቼዋለሁ።