ኤሊዋ ግን በእውነት ሞታለች
(ስለ «ካኒባል ሆሎኮስት» ፊልም)

አንድ የፊልም ዳይሬክተር ተዋንያኑን አለመግደሉን ለማስረዳት የተገደደበት ጊዜ በሲኒማ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ኢጣሊያዊው ሩጄሮ ዴኦዳቶ ግን ይህ ዕጣ ደርሶበታል። «ካኒባል ሆሎኮስት» የተሰኘው ፊልሙ በፌብሩዋሪ 1980 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሚላኖ ከተማ ውስጥ ለሕዝብ በቀረበ በ10 ቀኑ ገደማ ተያዘ። የመጀመሪያው ክስ ብልግና የሚል ነበር። ውሎ አድሮ ግን ነገሩ ከረረ፤ በፊልሙ ውስጥ ሲሞቱ የሚታዩት ወጣቶች በእርግጥ ሳይገደሉ አይቀሩም የሚል ጥርጣሬ ተነሳ።

ለጥርጣሬው መንገድ የጠረገው ራሱ ዳይሬክተሩ ነበር። ፊልሙ የእውነት እንዲመስልለት ሲል ተዋንያኑ ለአንድ ዓመት ያህል በሌላ ፊልምም ሆነ በመገናኛ ብዙኃን እንዳይታዩ በውል አስሯቸዋል። ያጠመደው ወጥመድ ዞሮ ራሱን ያዘው። በመጨረሻ ሰዎቹን ከያሉበት አስፈልጎ በሕይወት መኖራቸውን አሳየ። በሹል እንጨት ላይ ተሰክታ ስለምትታየው የጫካ ልጅም አስረዳ፦ ልጅቱ የተቀመጠችው ከብረት ዘንግ ጋር በተያያዘ የብስክሌት መቀመጫ ላይ ነው፤ ከአፏ የወጣ የሚመስለውም ነክሳ የያዘችው ቀላል እንጨት ነው። የግድያው ነገር በዚህ ተዘጋ። ፊልሙ ግን እንስሳት በእውነት ታርደውበታልና ታገደ፤ ዳይሬክተሩና ባልደረቦቹም በገደብ የተቀጡ ሲሆን፣ እገዳው የተነሳው በ1984 ነው።

ብዙዎች ስለዚህ ፊልም ሲያወሩ እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ «ዳይሬክተሩን ፍርድ ቤት ያስቆመ አስፈሪ ፊልም» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ወደ ፊልሙ ውስጥ እንግባ እላለሁ። ምክንያቱም በችሎቱ ላይ የተነሳው ጥያቄና ፊልሙ ራሱ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ እውነቱ የቱ ነው? ትርኢቱስ የቱ ነው?

ታሪኩ በሁለት የተከፈለ ነው። አራት አሜሪካውያን ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች፣ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሰው በላ ጎሣዎችን በካሜራ ለመቅረጽ ወደ አማዞን ጫካ ገብተው ደብዛቸው ይጠፋል። ሞንሮ የሚባል የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስት (ተዋናዩ ሮበርት ከርማን ነው) ሊፈልጋቸው ይሄዳል። የሚያገኘው አጥንታቸውንና የቀረጿቸውን የፊልም ጥቅሎች ነው። ጥቅሎቹን በአንድ ቴፕ ለውጦ ከጎሣው ይቀበልና ወደ ኒውዮርክ ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል ይኸው ነው፤ ከተለመደው የጀብዱ ፊልም ብዙም አይርቅም። ሁለተኛው ክፍል የሚያሳየን ሞንሮና የቴሌቪዥን ጣቢያው ኃላፊዎች ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እነዚያን ጥቅሎች ሲመለከቱ ነው። ኃላፊዎቹ ፊልሙን ለሕዝብ ሊያሳዩት ቸኩለዋል። ሞንሮ ግን እያየ በሄደ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

ከጥቅሎቹ የሚወጣው ጉድ ይህ ነው፦ ወጣቶቹ የጫካውን ሰዎች ግፍ ሊቀርጹ ሄደው ግፉን ራሳቸው ሠርተውታል። «የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የተባለውን ጅብ ያስታውሷል። ወደ መንደሩ እንዲመራቸው አንዱን ሰው እግሩን በጥይት ይመቱታል። የመንደሩን ነዋሪዎች ወደ አንድ ጎጆ አጉረው እሳት ይለቁባቸዋል፤ ከዚያም ካሜራ ደግነው ጠላት ጎሣ ያደረሰው ጥቃት አስመስለው ይቀርጹታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ነው። ወንዶቹ አንዲት የጎሣውን ልጅ ይደፍራሉ፤ አብራቸው ያለችው ሴት የምትቆጣው በዚህ ላይ ፊልም መባከኑ አናዷት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ከአእምሮዬ የማይጠፋው ግን ደም የሌለበት አንድ ቅጽበት ነው። ልጅቱ በሹል እንጨቱ ላይ ተሰክታ ትታያለች። የቡድኑ መሪ አለን ቆሞ ያያታል፤ ፈገግ ብሏል። ከካሜራው ጀርባ ያለው ጓደኛው እየቀረጸ መሆኑን ያስታውሰዋል። ወዲያው የአለን ፊት ይለወጣል፤ ያዝናል፣ ይደነግጣል፣ ስለ አረመኔነት የሚያሳዝን ንግግር ይጀምራል። ይህ ሁሉ የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው። ስለ ዜና፣ ስለ ምስልና ስለ ሐዘን ንግድ ብዙ መጻሕፍት ሊሉ የሚችሉትን ያ አንድ የፊት መለዋወጥ ተናግሮታል። ካርል ጋብሪኤል ዮርክ ያንን ያህል አሳምኖ መጫወቱ ሊመሰገን ይገባል።

ዴኦዳቶ ሐሳቡ የመጣለት የቀይ ብርጌድ ታጣቂዎች ኢጣሊያን ያምሱ በነበረበት በ1970ዎቹ፣ ቴሌቪዥን ሬሳና ደም ያለ ዕረፍት ሲያሳይ በማየቱ መሆኑን ተናግሯል። ከዚያም የቆየ የአገሩ ልማድ ከፊቱ ነበር። በ1962 የወጣው «ሞንዶ ካኔ» የዓለምን «እንግዳ ልማዶች» ሰብስቦ በማሳየት ብዙ ገንዘብ አስገኘ፤ ከሠሪዎቹ ሁለቱ፣ ያኮፔቲና ፕሮስፔሪ፣ በ1966 «አፍሪካ አዲዮ» ብለው ካሜራቸውን ይዘው ወደኛው አህጉር መጡ። ያኮፔቲ አንድ ግድያ ለካሜራው እንዲመች ሆኖ እንዲፈጸም አድርጓል ተብሎ ተከሶ በኋላ ነጻ ወጥቷል። ለ«ሞንዶ ካኔ» ሙዚቃ ከደረሱት አንዱ የሆነው ሪዝ ኦርቶላኒ ነው ለ«ካኒባል ሆሎኮስት»ም ዜማ የደረሰው። በፊልሙ መክፈቻ፣ ካሜራው ከላይ ሆኖ አረንጓዴውን ጫካ ሲያስስ የሚሰማው ሙዚቃ ሕፃን የሚያስተኛ ነው። ግፉ ሲጀመርም ዜማው አይጮህም፣ ያለቅሳል እንጂ። ተመልካቹ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያዳምጥ የፍቅር ፊልም የገባ ይመስለዋል። ይህ ተቃርኖ የፊልሙ አንዱ ጥበብ ነው።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ፊልሙ ከሳሽ ነው። በመጨረሻም ሞንሮ ወደ ጎዳናው ወጥቶ፣ ሰው በላዎቹ በእርግጥ እነማን እንደሆኑ ራሱን ይጠይቃል። መልካም ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ጥያቄውን ተቀብዬ ወደ ፊልሙ ሠሪዎች አዞረዋለሁ።

በፊልሙ ውስጥ ወጣቶቹ ከወንዝ አንዲት ትልቅ ኤሊ ያወጣሉ። አንገቷን ይቆርጣሉ፤ ልብሷን እንደሚያወልቁ ሁሉ ድንጋዩን ይገነጥላሉ፤ እግሮቿ ይንቀሳቀሳሉ። ትርኢቱ ረዥም ነው። የብስክሌት መቀመጫ የለም፤ ቀላል እንጨት የለም። ኤሊዋ በእውነት ሞታለች። ኮአቲ የምትባል አፍንጫ ረዥም የዱር እንስሳ በቢላ ተወግታ ትሞታለች። እባብ፣ ሸረሪት፣ በጥይት የተመታ አሳማ አለ። የጦጣዋ ትርኢት ሁለት ጊዜ ስለተቀረጸ ሁለት ጦጣዎች ተገድለዋል፤ ፊልሙ እንዲያምር። ተዋናይ ፔሪ ፒርካነን ከኤሊዋ በኋላ አልቅሷል፤ ዮርክ አሳማውን አልገድልም ብሎ ጠብመንጃው ወደ ሌላው ተዋናይ ወደ ሉካ ባርባሬስኪ አልፏል።

ዴኦዳቶ ሲጠየቅ እንስሳቱን የአካባቢው ሰዎች በልተዋቸዋል ሲል ተከላክሏል። ይሁን እንበል። አራጅ ለመብል ሲያርድ ቶሎ ይጨርሳል፤ ነፍስ እንዳትሰቃይ ይጠነቀቃል። እዚህ ግን የእንስሳዋ ጣር ለካሜራ ተመቻችቷል። አለን ከተሰካችው ልጅ ፊት ቆሞ ያደረገውን፣ ዴኦዳቶ ከኤሊዋ ፊት ቆሞ አድርጎታል። ልዩነቱ አለን የልብ ወለድ ሰው መሆኑ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። የጣቢያው ኃላፊዎች የቡድኑን ጠባይ ለሞንሮ ለማስረዳት ቀድሞ የሠራውን አንድ ፊልም ያሳዩታል። ወታደሮች ሰው ይረሽናሉ፤ ሬሳ ይጎተታል። ሞንሮ ሲደነግጥ፣ ነገሩ ሁሉ አለን ለወታደሮች ገንዘብ ከፍሎ ያስተወነው ድራማ መሆኑ ይነገረዋል። ዴኦዳቶ ለዚህ የተጠቀመበት ምስል ግን ትወና አልነበረም፤ ከናይጄሪያና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተገኘ የእውነት የሞት ቅጣት ቀረጻ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል! ያልሞቱት አራት ነጮች የሞቱ መስለው እውነት ተብለው ቀረቡ፤ በእውነት የተረሸኑት አፍሪካውያንና እስያውያን ደግሞ በፊልሙ አፍ «ውሸት ነው» ተባሉ። ሟች ሞቱን እንኳ ተቀማ። በፍርድ ቤት የአራቱ ተዋንያን ሕይወት ተጠይቋል፤ ስለነዚያ ሰዎች ማንነት ግን ፊልሙ አንዲት ቃል አይናገርም።

ሦስተኛው ነገር ስም ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በአብዛኛው ኮሎምቢያ ውስጥ በሌቲሲያ ከተማ አካባቢ ሲሆን፣ የተወኑትም የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው። ለሰው በላዎቹ የተሰጠው ስም ግን «ያኖማሞ» ነው። ያኖማሞ ወይም ያኖማሚ በብራዚልና በቬኔዙዌላ ድንበር የሚኖር፣ ስሙም ኑሮውም ያለ የእውነት ሕዝብ ነው። ሰው አድኖ አይበላም። የሟች ዘመዱን አጥንት አቃጥሎ፣ አመዱን ከሙዝ ሾርባ ጋር ቀላቅሎ በለቅሶ የሚጠጣበት የቀብር ሥርዓት አለው፤ ይህም የፍቅር እንጂ የአረመኔነት ምልክት አይደለም። ፊልሙ ከወጣ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ወርቅ ፈላጊዎች ሃሺሙ የተባለውን የያኖማሚ መንደር ወርረው ሕፃናት ጭምር 16 ሰዎች ገደሉ፤ ጎጆዎቹንም አቃጠሉ። የብራዚል ፍርድ ቤት ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ብሎ ፈርዶበታል። ዴኦዳቶ በልብ ወለድ ያሳየው የጎጆ ማቃጠል በእውነት ተፈጸመ ማለት ነው። በዚህ በኩል ፊልሙ ትንቢት ተናግሯል ብንል አያሳፍርም። የሚያሳፍረው፣ ጎጆው የተቃጠለበትን ሕዝብ ያው ፊልም በስሙ ጠርቶ ሰው በላ ማለቱ ነው።

ታዲያ ይህ ፊልም ይጣል? አይመስለኝም። ከሱ በፊትና በኋላ ኢጣሊያ ውስጥ ብዙ የሰው በላ ፊልሞች ተሠርተዋል፤ አብዛኛዎቹ ደም አፍስሰው ከመሄድ በቀር የሚሉት የላቸውም። «ካኒባል ሆሎኮስት» የሚለው አለው፤ አጥብቆም ይለዋል። የተገኘ ጥቅል ፊልም እያሳየ ታሪክ የመንገሩ ዘዴም ከ19 ዓመት በኋላ በአሜሪካው «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ዓለምን አዳርሷል። ቢሆንም ተመልካቹ እያየ እንዲመዝን ያስፈልጋል፤ አለንን ሲወቅስ፣ አለንን የፈጠረውንም ከወንበሩ አስነስቶ መጠየቅ ይገባዋል። የእንግሊዝ ፊልም መርማሪዎች በ2011 ፊልሙን ሲፈቅዱ ከዚያ ሁሉ ጉድ ቆርጠው ያስቀሩት 15 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ የኮአቲዋን ሞት። የትወናው ደም ሁሉ ታለፈ። ሚዛኑ ሙሉ ባይሆንም መነሻው ትክክል ነው።

ዴኦዳቶ በዲሴምበር 2022 በ83 ዓመቱ ዐርፏል። ዛሬ ካሜራ በየሰዉ ኪስ ነው፤ አንዱ ሲደበደብ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ ከንፈሩን እየመጠጠ ለሺዎች ያሰራጫል። ከንፈር መጣጩ ፊቱን የለወጠው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ይሁን በኋላ የምናውቅበት መንገድ የለንም። ይህን እንድንጠረጥር ያስተማረን አንድ ጨካኝ ፊልም ነው። የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት ግን ሠሪዎቹ አልነበሩም፤ ያቺ ኤሊ፣ እነዚያ ጦጣዎችና ስማቸው ያልተነገረው ርሹኖች ናቸው።