የጎዳና ፎቶ አንሺዎች፣ እጃችሁ ይባረክ
የድሮው የአዲስ አበባ አትክልት ተራ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰበብ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተነሣ። መልኩን ያቆዩልን የጎዳና ፎቶ አንሺዎች ናቸው። የጎዳና ፎቶ አንሺ «ፈገግ በሉ» አይልም፤ ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት የተሸከመው ወዛደር አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ፣ በአይሱዙዎች መሐል ሲሹለከለክ እንዳለ ይይዘዋል።

የጎዳና ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ በስልኩ ካሜራ የአዲስ አበባን ሊስትሮና አዟሪ ከግርግሩ ነጥሎ በደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን አቆመው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የድጋፍ ሽልማት አገኘ።

ማዘጋጃ ቤት የአትክልት ተራን ካርታ ያስቀምጣል። ቲማቲም ሻጯ ሚዛኗን እንዴት እንደምትይዝ፣ ደላላው ጆሮ ላይ እንዴት እንደሚያንሾካሹክ ግን ካርታ ላይ የለም። ፎቶ አንሺዎቹ ባያነሱት ልጆቻችን ያንን ገበያ በወሬ ብቻ ያውቁት ነበር።