ከደም ካንሰር ሕክምና በኋላ የሚሰጥ የኢንተርኔት የአእምሮ ልምምድ፦ ማስረጃው ሲመዘን

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሉኪሚያ ሕክምናውን ጨርሶ አትላስ ወደሚገኘው ቤቱ የተመለሰ ሰው፣ ቀጠሮ እንደሚዘነጋና ያነበበው እንደማይያዝለት ቢናገር «ዋናው በሕይወት መትረፍ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ችግሩ ግን እውነተኛ ነው። ኬሞቴራፒ፣ በተለይም በአከርካሪ በኩል የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት፣ እንዲሁም ወደ ጭንቅላት የሚደረገው የጨረር ሕክምና፣ ትኩረትን፣ ትውስታንና የማሰብ ፍጥነትን ሊጎዱ ይችላሉ።

ለዚህ ችግር ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ በኢንተርኔት የሚሠራ የአእምሮ ልምምድ ነው። በጉዳዩ ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ቪክቶሪያ ብሬይና ባልደረቦቿ በአውስትራሊያ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት ነው። ኬሞቴራፒ የወሰዱ 242 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን በሳምንት 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ40 ደቂቃ፣ ለ15 ሳምንታት እንዲለማመድ ተደረገ። የተለማመዱት ችግሩ እንደቀለላቸው ገለጹ፤ መሻሻሉም ከ6 ወር በኋላ አልጠፋም። ይህ ሊናቅ የሚገባው ውጤት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሦስት ነጥቦች ሊታለፉ አይገባም። አንደኛ፣ በፈተና በተለካው የአእምሮ ብቃት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ሁለተኛ፣ ለማነጻጸሪያው ቡድን ሌላ ልምምድ ስላልተሰጠ፣ መሻሻሉ የልምምዱ ይሁን የተስፋው መለየት ያስቸግራል። ሦስተኛ፣ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የጡት ካንሰር ታካሚዎች በመሆናቸው፣ ውጤቱን በቀጥታ ለሉኪሚያ ታካሚ ማዋል አይቻልም።

ገበያው ግን ማስረጃውን ቀድሟል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሉሞሲቲ ባለቤት የሆነው ድርጅት፣ ኬሞቴራፒ የሚያስከትለውን የማሰብ ችግር ጭምር ይቀንሳል ብሎ ያለ በቂ ማስረጃ በማስተዋወቁ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

በአገራችን ደግሞ የቋንቋው ጉዳይ ይታከልበታል። በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ ልምምድ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ታካሚ፣ የተቸገረው በቋንቋው ሆኖ ሳለ አእምሮው የደከመ ሊመስለው ይችላል። ለሕክምና ከክፍለ ሀገር መጥቶ ለተመለሰው ደግሞ የኢንተርኔቱ ክፍያና የመብራት መቆራረጡ ሌላ እንቅፋት ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ልምምዱ ምርመራን ሲተካ ነው። የመርሳት ምክንያት የደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ እጦት ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ተመርምረው የሚታከሙ ናቸው። አዲስ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም ግራ መጋባት የታየበት የሉኪሚያ ታካሚ ደግሞ በሽታው ወደ አንጎሉ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ስፔሻሊስት መላክ አለበት።

ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ታካሚው አቅሙ ፈቅዶ መለማመድ ቢሻ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ባለሙያው ሊነግረው የሚገባው ግን ልምምዱ የችግሩን ስሜት ሊያቀልለት እንደሚችል፣ ትውስታን እንደሚመልስ ግን ገና አለመረጋገጡን ነው።